ጉልበት ከመቶ ስንት ነው?

በስቅለት ዕለት መንዝ ውስጥ ዘመሮ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የገባ ሰው ሁለት ዓይነት ምእመን ያያል። አንዱ ነጠላውን አደግድጎ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሲወድቅ ሲነሣ ይውላል። ሌላው ጥግ ይዞ፣ በመቋሚያው ተደግፎ፣ አንገቱን ብቻ ዝቅ ቀና ያደርጋል። ከቆሙት መካከል ዕድሜ የተጫናቸው አሉ፤ ሪህ የያዛቸውም አሉ። የካራማራን፣ የናቅፋን፣ የባድመን ወይም የጋሸናን ጦር ሜዳ የረገጡም አሉ። የእነዚህ የመጨረሻዎቹ ጉልበት ከሌላው የሚለየው በሕመሙ ብርታት አይደለም። መንግሥት ቁጥር የሰጠው ጉልበት ነው፤ ወይም ቁጥር ሊሰጠው ሲገባ ሳይሰጠው የቀረ።

ቁጥሩ የሚወለደው ከሐኪሞች ቦርድ ፊት ነው። በወታደር አነጋገር «ቦርድ ወጣ» ማለት ለውትድርና አትበቃም ተብሎ፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቀዬው ተመለሰ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ከምርመራው ቃል በታች የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ይጻፋል። አማርኛ ደግሞ ለመገጣጠሚያውም ለአቅሙም አንድ ቃል ነው ያለው። ሰውየው «ጉልበቴን ተጎዳሁ» ሲል ቦርዱ የሚሰማው ከጭኑና ከቅልጥሙ መካከል ያለውን አጥንት፣ ጅማትና የጉልበት ሎሚ ነው። ሚስቱ ስትሰማው ግን እርሻው፣ አጨዳው፣ የውኃው መንገድ ሁሉ ነው የሚታያት። ይህ ዳሰሳ የሚዞረው በእነዚህ ሁለት ጉልበቶች መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። ወታደሩና ፖሊሱ ከመምህሩና ከጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ጋር በአንድ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ሥር ናቸው። የአዋጁ የዘር ሐረግ በ1953 ዓ.ም. ከወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 ይነሣል፤ በ1955 አዋጅ ቁጥር 209፣ በ1995 ቁጥር 345፣ በ2003 ቁጥር 714 እያለ በ2014 ዓ.ም. እስከ ወጣው ቁጥር 1267 ይዘልቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮሪያ ላይ የተዋጉት ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. ነው። በተለምዶ እንደሚነገረው 121 ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል። የጡረታው ድንጋጌ ሲወጣ ቁስላቸው ከስምንት እስከ አሥር ዓመት አስቆጥሮ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ባለውለታ አርበኛ ደግሞ መቶኛ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ጠባሳው ምስክሩ ነበር፤ ፉከራው ማመልከቻው፤ ደጅ ጥናቱ የጉዳይ ክትትሉ። ከቀናው በጋሻ የሚለካ መሬት ያገኛል፣ ካልቀናው ደጅ ሲጠና ያረጃል። ያ ሥርዓት ለሰውየው ስም እንጂ ለመገጣጠሚያው ዋጋ አልነበረውም። ዛሬ ሲታሰብ ግን አንድ ነገር ገብቶት ነበር እላለሁ፤ ጉልበቱ ላለቀ ገበሬ የሚያስፈልገው መተዳደሪያ እንጂ ቁጥር አለመሆኑ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን መሬት የውለታ መክፈያ መሆኑ ቀረ። ውለታው ወደ ደመወዝ ስሌት ዞረ።

ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ቁጥሮቹን የምወስደው በ1267 ከተተካው ከአዋጅ 714 ነው። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ በጤና ጉድለት የተሰናበተ ወታደር ዕድሜ ልክ ጡረታ ያገኛል። መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 ከመቶ ሲሆን፣ ከአሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 ከመቶ ይጨመራል። 15 ዓመት ያገለገለ 38.25 ከመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ በር አገልግሎትን እንጂ ጉዳትን አይቆጥርም፤ በጥይት የተመታውና በኩላሊት የታመመው እኩል ያልፉበታል። ሁለተኛው በር የጉዳት ጡረታ ነው። በሥራው ምክንያት ጉዳት ደርሶበት ከእንግዲህ ሠርቶ ገቢ ማግኘት ለማይችል ሰው ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ይከፈለው የነበረው ደመወዝ 47 ከመቶ ዕድሜውን ሙሉ ይከፈለዋል።

ጉልበት ግን በሁለተኛው በር እምብዛም አያልፍም። የጉልበት ጉዳተኛ ይናገራል፣ ይጽፋል፣ ያያል፣ ቁጭ ብሎ ዘበኛ ሊሆን ይችላል፤ «ምንም መሥራት አይችልም» የሚል ሐኪም አይገኝለትም። ስለዚህ የሚቀርለት ሦስተኛው ነው፤ የጉዳት ዳረጎት። ዳረጎት አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው። የደመወዙ 47 ከመቶ በ60 ወር ይባዛል፣ ከዚያ ቦርዱ በሰጠው መቶኛ ይባዛል። የ4,000 ብር ደመወዝተኛ ጉልበቱ 15 ከመቶ ተጎድቷል ቢባል፣ 1,880 በ60 ሲባዛ 112,800 ይሆናል፤ የዚህ 15 ከመቶ 16,920 ብር ነው። 10 ከመቶ ቢባል 11,280። 9 ከመቶ ቢባል ምንም፤ ምክንያቱም ዝቅተኛው ደፍ 10 ነው። አንዲት ነጥብ ከአሥራ አንድ ሺህ ብር በላይ ታወጣለች። መቶኛው በቦርዱ ክፍል ውስጥ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ መሆኑን ሳስብ፣ የሚያስጨንቀኝ የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የደፉ ስለት ነው።

ሌላም አለ። ስሌቱ የሚነሣው ከጉዳቱ ቀድሞ በነበረው ወር ደመወዝ ነው። በ1992 ዓ.ም. ምሽግ ውስጥ ሲዘል ጉልበቱ የተሰበረ፣ ያን ጊዜ 300 ብር ያገኝ የነበረ ወታደር እንዳለ እናስብ። በዚሁ ስሌት ብናሰላው 141 በ60፣ 8,460፤ የዚህ 15 ከመቶ 1,269 ብር። ፋይሉ በወቅቱ ካለቀ በዚያ ዘመን ገበያ ጥሩ በሬ ይገዛበት ነበር። ፋይሉ ዓመታት ከተንከባለለ ግን ብሩ ያው ብር ሆኖ በሬው ይርቃል።

ለንጽጽር ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጋር እናስተያየው። የጡረታ ሕግ የማይሸፍነው የግል ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ ቢጎዳ አሠሪው የአምስት ዓመት ደመወዙን ይከፍለዋል፤ በከፊል ከተጎዳ እንደ ጉዳቱ መጠን። አምስት ዓመትም ያው 60 ወር ነው፤ ነገር ግን 47 ከመቶ የሚባል መቀነሻ በመካከል የለም። ያው 4,000 ብር፣ ያው 15 ከመቶ፣ ውጤቱ 36,000 ብር ይሆናል። እርግጥ የመንግሥት ሠራተኛው ከዚህ ሌላ የአገልግሎት ጡረታ ይጠብቀዋል፣ መንግሥትም ለወታደሩ በየወሩ 25 ከመቶ ያዋጣል፤ ለሲቪሉ የሚያዋጣው 11 ብቻ ነው። ስለዚህ ወታደሩ ተበደለ ብሎ በችኮላ መፍረድ አይገባም። ሆኖም ጉልበቱን ብቻ ነጥለን ብናየው፣ ከግንብ ሥራ መወጣጫ የወደቀው ከምሽግ ከወደቀው በእጥፍ ይበልጣል።

እስካሁን የቆጠርነው ደመወዝ ያለውን ነው። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ግን የሚዘምቱት በደመወዝ ብቻ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ በወራት ሥልጠና ወደ ኦጋዴን የሄደው ሚሊሻ አብዛኛው ገበሬ ነበር። በ1975 የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ጠራ፤ አንዳንዱ ተጠርቶ፣ ሌላው በአፈሳ ሄደ። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት እስከ መዘዞና ሞላሌ ሲደርስ የየቀበሌው ሚሊሻና መሣሪያ ያለው ገበሬ ከቤቱ ተነሥቶ ወጣ። በዚህ መካከል ጉልበቱን የተመታ ሰው የሚሟገተው ከአዋጁ ቁጥር ጋር አይደለም፣ ከትርጉሙ ጋር ነው። አዋጁ የሚሸፍነው በቋሚነት የተቀጠረን ነው። ለሰውየው የሚባዛ ደመወዝ ከሌለ 47 ከመቶም፣ 60 ወርም፣ የቦርዱ ልግስናም ውጤታቸው ዜሮ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያና እርዳታ እንደሚመድብ ይናገራል፤ አገሪቱም በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። ሁለቱም መልካም ቃላት ናቸው፣ ሆኖም ከዘመሮ የመጣ ሚሊሻ ይዞ የሚቀርብበት መስኮት አይደሉም።

በየዘመኑ የተሰናበተውን ሠራዊት ለማቋቋም የተሠራው ሥራ ትንሽ አልነበረም። በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን የቀድሞ ወታደሮችንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ስንቅና ትራንስፖርት ሰጥቶ ወደየአገራቸው መልሷል። ከኤርትራ ጦርነት በኋላ የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለበት ሌላ ፕሮግራም ከመቶ ሺህ በላይ ተዋጊዎችን አሰናብቷል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ደግሞ 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን አቅዶ ተነሥቷል። የእነዚህ ሁሉ ባሕርይ አንድ ነው፤ ሰውን በጅምላ ይቀበላሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ወይም ሥልጠና ይሰጣሉ፣ ይዘጋሉ። ጉልበት ደግሞ ጊዜ ጠብቆ የሚመጣ አበዳሪ ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ገና መታመም ይጀምራል።

ይህን ለመረዳት ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ጉልበት በሁለት ጨረቃ መሰል ልም አጥንቶች ላይ ተቀምጦ በአራት ዋና ጅማቶች የታሰረ ማጠፊያ ነው። ፍንጣሪ ሲመታው ቁስሉ ይታያል፤ ሐኪሙም ቦርዱም ያዩታል። ከተሽከርካሪ ሲዘሉ ወይም ሸክም ይዘው ገደል ሲወርዱ የፊተኛው ጅማት ቢበጠስ ግን ከቆዳው ላይ ምልክት አይኖርም። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም፤ ኤም አር አይ ደግሞ በወረዳ ከተማ አይገኝም። እብጠቱ ሲጎድል ሰውየው «ወለምታ ነው» ተብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጅማቱ የላላ ጉልበት ግን በየእርምጃው ልም አጥንቱን ይፈጫል፤ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ መገጣጠሚያው የሽማግሌ መገጣጠሚያ ይሆናል። በ25 ዓመቱ ዳረጎት የማይገባው የተባለ ሰው በ45 ዓመቱ ከአልጋው ለመነሣት ግድግዳ ይይዛል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ቦርዱ በተቻለ መጠን በ12 ወር ውስጥ እንዲወስን ይላል፤ ጉዳቱ ቢብስ እንደገና የሚታይበትን መንገድም ይከፍታል። ፍጥነቱ ለእጅ ጣት ደግ ነው። ለጉልበት ግን እውነተኛው ምርመራ ያለው በእንደገናው ውስጥ ነው።

መቶኛ የሚባለው አስተሳሰብ ራሱ የፋብሪካ ልጅ ነው። ጀርመን በ1884 እ.ኤ.አ. የሥራ ላይ አደጋ ዋስትና ስታቋቁም ሙሉ ለሙሉ ለተጎዳ የደመወዙን ሁለት ሦስተኛ፣ በከፊል ለተጎዳ በልኩ መክፈል ጀመረች። ከዚያ በኋላ «በልኩ» የሚለውን ቃል በሰንጠረዥ መተርጎም የየአገሩ ሥራ ሆነ። በጉልበት ላይ ይህን እስከ ጫፍ የወሰደችው አሜሪካ ናት። የጦር ጡረተኞች መሥሪያ ቤቷ ጉልበትን በዲግሪ መለኪያ ይመትራል። ጤነኛ ጉልበት 140 ዲግሪ ይታጠፋል። መታጠፉ በ45 ዲግሪ ከቆመ 10 ከመቶ፣ በ30 ከቆመ 20፣ በ15 ከቆመ 30 ይሰጣል። በሌላ በኩል ለመዘርጋት 20 ዲግሪ የቀረው 30፣ 45 ዲግሪ የቀረው 50 ያገኛል። ጅማቱ ላልቶ የሚንገዳገድ ከ10 እስከ 30 ለብቻው ይታሰብለታል። እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ 40፣ ከጉልበት በላይ ጭኑ መካከል የተቆረጠ 60 ያገኛል፤ በዚያ በ20 ልዩነት ውስጥ የጉልበት ዋጋ ተጽፏል ማለት ይቻላል። ቁጥሮቹ አይደመሩም። 20 እና 10 ያለው ሰው 30 አለው አይባልም፤ ከቀረው 80 ላይ 10 ከመቶው 8 ተወስዶ 28 ይሆናል፣ ወደ 30 የሚጠጋጋው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍያው ወርሃዊ ነው፣ ጉዳቱ እስካለም ይቀጥላል፤ 10 ከመቶ ብቻ ያለው በወር ከ170 ዶላር በላይ ያገኛል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በነጻ አልመጣም፣ በክርክር እንጂ። በ1995 እ.ኤ.አ. ዴሉካ በሚባለው ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ዲግሪ ብቻ አይበቃም፣ ሕመሙና ድካሙ የሚያሳጣውም ይቆጠር አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ መገጣጠሚያው ክብደት ተሸክሞም ሳይሸከምም ይለካ የሚል ውሳኔ መጣ። አልጋ ላይ ተንጋልሎ የሚታጠፍ ጉልበት ቆሞ አልታጠፍ ሊል ይችላልና። በአሜሪካ ሠራዊት ያገለገሉ የእኛ አገር ልጆች በዚህ ሰንጠረዥ ይለካሉ፤ የአጎታቸው ልጅ መንዝ ላይ የሚለካበት መለኪያ ግን ሌላ ነው።

ሆኖም የአሜሪካን ሰንጠረዥ ተሸክሞ ወደ ዘመሮ መውጣት መፍትሔ አይመስለኝም። መታጠፉ 60 ዲግሪ ላይ የቆመ ጉልበት እዚያ በዲግሪ ሲለካ ዜሮ ነው፤ ሕመም ካለው በሕመሙ 10 ያገኛል። ለምን? ወንበር ላይ ለመቀመጥ 90 ዲግሪ ያህል፣ ለመራመድ ከዚያም ያነሰ ይበቃላ። ሰንጠረዡ ውስጥ አልተጻፈም እንጂ የተቀመጠው ወንበር ነው፤ ከፍ ያለ አልጋ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ መኪና። መንዝ ላይ ኑሮ ከመሬት ቅርብ ነው። ቁጢጥ ለማለት ጉልበት 130 ዲግሪና ከዚያም በላይ መታጠፍ አለበት። ገብስ የሚታጨደው ተጎንብሶ፣ በርከክ ተብሎ ነው። እሳት የሚነደደው፣ በግ የሚሸለተው፣ ሽንት ቤት የሚኬደው፣ ለቅሶ ላይ የሚቀመጠው፣ በስቅለት የሚሰገደው እንዲሁ ነው። 90 ላይ የቆመ ጉልበት ለዋሽንግተን ጸሐፊ ጤነኛ ነው። ለመንዝ ገበሬ ግን ግማሽ ሕይወት ነው። ቁልቁለቱ ደግሞ አለ። ከደጋው ወደ ወንጪት ሸለቆ ለሚወርድ ሰው ጉልበት ፍሬን ነው፤ ዳገት ትንፋሽን ይጠይቃል፣ ቁልቁለት ጉልበትን። ለእኛ የሚሆን ሰንጠረዥ ማንም ይጻፈው ማን፣ ቁጢጥ የሚል ረድፍና ቁልቁለት የሚል ረድፍ ቢኖረው እመርጣለሁ።

ስለ ረድፍ ስናወራ ስለ መንገዱም እናውራ። ጉልበቱን ለማስመርመር ከዘመሮ የሚነሣ ሰው መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ መዘዞ፣ ጣርማበር እያለ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ታጥፎ የማይዘረጋ፣ ወይም ተዘርግቶ የማይታጠፍ እግር በአውቶቡስ ወንበሮች መካከል የት ይቀመጣል? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሟል። እግሩን ላጣ ሰው ደሴና ባሕር ዳር የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። እግሩ ላለው፣ ጉልበቱ ብቻ ለከዳው፣ የቅርቡ ባለሙያ ወጌሻ ነው። ወጌሻን አልንቅም። ውልቃት መልሶ፣ አሽቶ፣ አስሮ ብዙ ሰው አስነሥቷል። ነገር ግን ወጌሻ ቀን አይመዘግብም፣ የጦር ክፍል አይጠይቅም፣ ዲግሪ አይጽፍም። ከዓመታት በኋላ ጉዳቱ የት፣ መቼ፣ በምን ግዳጅ ላይ ደረሰ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ክፍሉ ፈርሷል፣ አዛዡ ሞቷል ወይም ተሰድዷል፤ ወጌሻውም የሚያስታውሰው እግሩን እንጂ ቀኑን አይደለም። የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ቢኖርም ጉባኤ የሚሰማው ወረቀትን ነው። ዛሬ ከግዳጅ ለሚመለስ ወጣት የምመክረው ቢኖር፣ እብጠቱ ሳይጎድል ከጤና ጣቢያም ቢሆን ቀኑና ምክንያቱ የተጻፈበት ማኅተም ያለው ወረቀት እንዲይዝ ነው። ሕመሙ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲመጣ ወረቀቱ ቀድሞ ይጠብቀዋል።

መንዝ ግን ራሱ የጉልበት ሰንጠረዥ አለው፤ ማንም በአዋጅ አላወጣውም፣ ማንም ይግባኝ አይልበትም። ማረስ ያቃተው ሰው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። በሬና ጉልበት ያለው ጎረቤት ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል። ባለመሬቱ ምርኩዙን ይዞ ዳር ቆሞ ያያል። ቦርዱ 15 ከመቶ ያለው ጉልበት፣ አዋጁ 16,920 ብር ከፍሎ ፋይሉን የዘጋው ጉልበት፣ እዚህ 50 ከመቶ ነው፤ ያውም ለአንድ ጊዜ ሳይሆን በየመኸሩ። አውድማው ላይ ገብሱ ተወቅቶ፣ ተመንሽቶ ሲያልቅ ቁናው ይመጣል። አንድ ቁና ለባለመሬቱ፣ አንድ ቁና ለአራሹ።